ወንድሜ ማስረሻ በሠርጌ ሰሞን

ጥር 3 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ጥዋት

ማስረሻ ዛሬም ቀድሞኝ ተነሥቷል። ግቢ ውስጥ ነው። የአባባን መቋሚያ ይዞ፣ ጋቢውን እንደ ደብተራ አጣፍቶ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል። ምላሱ ወፍራም ነውና ቃሉ አይለይም፤ ዜማው በአፍንጫው ይወጣል። እግሩ ግን አይስትም። አባባ መሪጌታ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ፊደል አልገባ ቢለው፣ ማሕሌት ሲቆም ከኋላው እያቆመ ዝማሜ አስለመደው። አባባ ከሞተ ወዲህ ማንም ሳያዘው በየጥዋቱ ይቆማል።

የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ በመስኮት አየዋለሁ። ሃያ ዓመቱ ነው። ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም። ዓይኑ ጠበብ ብሎ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ፤ ጣቶቹ አጫጭር፤ ማጅራቱ ጠፍጣፋ። እማዬ በስተርጅና የወለደችው ነው። ሰፈሩ «የእግዜር እንግዳ» ይለዋል። ሲከፋው ደግሞ ሌላ ይለዋል፤ እሱን አልጽፍም።

አጥሩ ሳስቷል፤ ከመንገድ ይታያል። ወጥቼ አስገባሁት። ምነው አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ጥር 5፣ ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ፣ ምን እንዳደረግሁ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ታፈሰ መጣ። ከእንግዲህ ታ. እለዋለሁ። የመንገድ ቀያሽ ነው፤ አምና ከሸዋ ወደ ጎንደር የመጣ። ሽማግሌ ልኮ እማዬ እሺ ብላለች፤ ሠርጉ የካቲት 25። ሽማግሌዎቹ ዘር ሲቆጥሩ ስለ ወንድም የጠየቀ አልነበረም። እማዬ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምን ልንገር ብላ ይሆናል። እኔ ግን አውቄ ዝም አልኩ።

እማዬ ቤ/ክ ነበረች። ታ. ከደጅ የማኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ማስረሻ ከጓዳ ወጥቶ ሮጠ። በጥሩምባው ልክ ትከሻውን ሰበቀ፤ ታ. ደገመለት፤ እሱም ደገመ። ታ. እየሳቀ ወረደ። ይሄ ማነው አለኝ።

«ቤታችን ያደገ ነው። የሠራተኛችን ልጅ።»

አላመነታሁም። ቃሉ አፌ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ታ. ደግ ሰው ነው፤ ፀጉሩን ዳበስ አደረገለትና ብርቱካን ሰጠው። ማስረሻ ብርቱካኑን ለእኔ አመጣልኝ።

ጥር 6

ለምን እንዲያ አልኩ? ልንገርሽ። በገናው ሰሞን ታ. ስለ አጎቱ ልጅ አጫወተኝ። እጮኛው ቤት አንድ ዲዳ ተደብቆ ኖሮ፣ ሲታወቅ ጋብቻው ፈረሰ። ዘር ነዋ አለ፤ ምን ይደረግ። እንደ ዋዛ ነው ያለው። እኔ እንደ ዋዛ አልሰማሁትም። የሚወለድልኝ ልጅ ገና ሳይወለድ በማስረሻ ፊት ታየኝ።

ዘር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። አ.አ. መምህርነት ስሠለጥን የአንድ ባለጸጋ ልጅ አይቻለሁ፤ ሐር የለበሰች፣ ሞግዚት የያዘቻት። ዓይኗ፣ ጣቷ፣ አረማመዷ ሁሉ ቁርጥ ማስረሻን። ከእኛ ጋር በምን ትዛመዳለች? ያን ዕለትም ቢሆን ቆሜ ሰላም አላልኳትም። መንገድ ተሻገርኩ።

ጥር 8

ማስረሻን ራሴ ማስተማር ጀመርኩ። እንግዳ ሲመጣ እታለም አትበለኝ። «እመቤቴ» በለኝ። እማዬንም «እመቤቴ»። ምነው አለ። ጨዋታ ነው፣ ምስጢር ነው አልኩት፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ። ከረሜላ ሰጠሁት። እመቤቴ አለ። ጥሩ አልኩት። ፊደል ለማስቆጠር ስንት ዘመን ደክሜ ያቃተኝን ልጅ ይህን ባንድ ከሰዓት አስያዝኩት። መምህርት ነኝ እኮ።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ታቦታቱ ሲወርዱ ከታ. ጋር ከሰው መሐል ቆምኩ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ። ከበሮው ከሩቅ ሲሰማ ፈራሁ፤ ማስረሻ ካህናቱን ቀድሞ እንደሚመጣ አውቃለሁና። መጣ። ላብ በላብ። ልጃገረዶቹ እልል ሲሉ እጁን ዘርግቶ ይሽከረከራል፣ ከበሮው ቀስ ሲል እሱም ቀስ ብሎ በመቋሚያው ይዘማል። ከበሮ መቺው እሱን እያየ ይመታ ነበር። ይህን ዓይኔ አይቷል።

እኔን ሲያይ እየዘለለ መጣ። ሰው ሁሉ እየሰማ «እመቤቴ!» አለኝ። ጮክ ብሎ። ትምህርቱን በመያዙ ደረቱን ነፍቶ።

ታ. ይህ ልጅ ይወድሻል አለ።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አለብኝ። ስላልተያዝኩ ደስ አለኝ።

ጥር 27፣ እሑድ ማታ

እንግዶቹ አሁን ሄዱ።

ታ. ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ፤ የሸክላ ማጫወቻም ይዘው። እማዬ ዶሮ ሠርታ፣ ጠላዋን አውርዳ፣ ከጓዳ ወደ አዳራሽ ትመላለሳለች። ማስረሻን ጓዳ አስቀምጬው ነበር። ሸክላው ሲጀምር ማን ሊይዘው። ወጣ። ከማጫወቻው አጠገብ ተንበርክኮ ጆሮውን አስጠጋ። የፈረንጅ ዘፈን ነው፤ ሰምቶት አያውቅም። ዝም ብሎ አደመጠ። ከዚያ አገጩ ጀመረ፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ ቀጥሎ ትከሻው። ለዚያ ዘፈን ሸጋ ጭፈራ ከየት እንዳመጣለት እንጃ። ተነሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ዞረ።

ያኔ ማንም አልሳቀም ነበር። ይህን ልብ በይ። አንድ አፍታ ሁሉም አዩት።

ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ከኋላው ተከተለው። ምላሱን አውጥቶ፣ እግሩን እያንሻፈፈ። ሳቁ ፈነዳ። ታ. «አይዞህ አንተ፣ ጨፍር!» አለው፤ እንደ አዝማሪ ግንባሩ ላይ ሳንቲም ለጠፈለት። ሳንቲሙ ወደቀ፤ እንደገና ለጠፈለት። ማስረሻ የተሳቀው ከደስታ መስሎት እሱም ሳቀ። እየዞረ አየኝ። እኔም ደስ ይለኝ እንደሆን ሊያይ።

እኔም ሳቅሁ።

እማዬ ወጥ ይዛ ገባች። ታ. በአክብሮት ተነሥቶ ተቀበላትና፣ እማማ፣ ይህ የሠራተኛዎ ልጅ ጨዋታ አዋቂ ነው አላት።

እማዬ ታ.ን አየች። ቀጥላ እኔን። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ አልወጣችም።

ጥር 28

እማዬ ጥዋት ተናገረች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያ ሠራተኛዋ እኔ ነኛ።»

እማዬ፣ ታውቂው የለም፣ ዘር ይላሉ፣ ጋብቻው ይፈርስብኝ ነበር አልኩ። ሰማችኝ። ማስረሻ በመሐላችን ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ልጄ መዳርሽን እፈልጋለሁ አለች። እኔ አርጅቻለሁ፤ ቤት ይኑርሽ። እሱን ደንቢያ አጎትሽ ዘንድ እልከዋለሁ። የሠርግሽ ቀን ሰው እንዲስቅበት አልሻም።

ለእኔ ብላ ይሁን ለእሱ ብላ አልገባኝም። አይ፣ አይላክም ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት መስማማት ነው።

የካቲት 2

አያ ቢተው፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ እህሉን ሸጦ ሲመለስ ወሰደው። ኮላ ድባ ድረስ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ በእግር። ማስረሻ ማኪና ላይ በመውጣቱ ፈነደቀ። መቋሚያውን እንደ ጦር ሰብቆ ይዞታል። ተሰናበትኩት። ሰፈሩ ቆሞ ስለሚያይ አላቀፍኩትም።

ግቢው ጭር አለ። ቀለል አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቀለል ስላለኝ ከበደኝ።

የካቲት 9

ት/ቤት ውዬ ገባሁ። ሴት ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር ያጨበጭባሉ፣ ይጨፍራሉ። አንዷ ወንድምዎ የት ሄደ አለችኝ። ልጅቷ የሰፈሬ ናት፤ በአጥር እያየች ከእሱ ተምራው ኖሯል፤ አንገቷን እሱ እንደሚያደርገው አድርጋ አሳየችኝ። ወንድምዎ ስትል ዘወር ብዬ የሰማ እንዳለ አየሁ። ታ. እዚያ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ለምን ዞርኩ?

እማዬ የማስረሻን ሳህን በስህተት ታቀርባለች። መልሳ ታነሣዋለች።

ታ. መጥቶ ያ ልጅ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ዘመዶቹ ጋር አልኩ። የነገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር፤ እሱም ሲያልፍ እንደ ውሸት አለፈ።

የካቲት 14

አልቻልኩም። አመጣዋለሁ አልኳት እማዬን። ሠርጉስ አለች። እንጃ አልኩ። ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ወስጃለሁ። ነገ በጭነት ማኪና እወርዳለሁ።

የካቲት 16፣ አያ ቢተው ቤት

ትናንት ስደርስ ማስረሻ አልነበረም። ቤ/ክ ነው አለኝ አያ ቢተው፤ ዛሬ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነውና ከዋዜማው ጀምሮ እዚያው ነው። ቄሶቹ ከማሕሌተኞቹ መስመር ጅራት አቁመውታል። ማንም አላባረረውም? አልኩ። አያ ቢተው የጠየቅሁት አልገባውም። ምነው ይባረራል፣ የመሪጌታ ልጅ አይደል አለኝ።

ዛሬ ጥዋት አየሁት። መቋሚያው ከሌሎቹ መቋሚያ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። አንዳንዴ ግማሽ ምት ይቀድማል። አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ደብተራ በክርኑ ነካ ያደርገዋል፣ ይመለሳል። ፊቱ ላይ ያየሁት የኮራ ሰው ፊት ነው። ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ከዋርካው ሥር ጎረምሳና ልጃገረድ ክብ ሠራ። ከበሮ መጣ። ማስረሻ ገባ። ያኔ ከክቡ ማዶ አንዲት ልጅ ገባች።

ምን ብዬ ልጻፍልሽ። ዓይኗ ያው፣ ጣቷ ያው፣ ቁመቷ ያው። አሥራ ስድስት ቢሆናት ነው። ውዴ ትባላለች። ወንድሜና እሷ ፊት ለፊት ቆሙ። መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም። እንደ መስታወት ተያዩ። ከዚያ እሷ ትከሻዋን ጣል አደረገች፤ እሱ ተቀበላት። እሱ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ እሷ ተቀበለችው። ዝቅ፣ ዝቅ፣ መሬት እስኪነኩ፤ እንደገና ቀና። ወንድሜ ሁልጊዜ ሲጨፍር ዓይኑን ጨፍኖ ነው የማውቀው። ዛሬ አልጨፈነም። ጭብጨባው እየደመቀ ሄደ፤ ሰውም ይስቅ ነበር። ግን ያን እሑድ የሳቅነው ሳቅ አይደለም። ልዩነቱን ጆሮዬ ዐወቀው።

አጠገቤ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፤ እያጨበጨበች ታዜማለች። እኅቴ ናት አለችኝ ውዴን እያሳየች። ሳልጠይቃት። እኅቴ ናት፣ ጭፈራ ሲሆን ማን ይችላታል። ከዚያ፣ እርስዎ ከከተማ ነዎት? የዚያ ልጅ ምኑ ነዎት? አለችኝ።

እውነት እልሻለሁ፣ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ማስረሻ ቀደመኝ። አይቶኝ ኖሮ ከክቡ ወጥቶ መጥቷል። ላቡን በእጁ ጠርጎ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና

«እመቤቴ ናት» አላት።

ሴትየዋ ፈጠን ብላ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣችኝ።

«እኅቱ ነኝ» አልኩ። ደግሜ «እኅቱ ነኝ። ወንድሜ ነው» አልኩ።

ማስረሻ ደነገጠ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እሽሽ! ዓይኑን ግራ ቀኝ አዞረ፤ የሰማ እንዳለ። ምስጢራችንን ያወጣሁ መስሎት። ሊያድነኝ ነው። ለሴትየዋ እጁን አወናጨፈላት፤ አይደለችም፣ አይደለችም፣ እመቤቴ ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። ከዋርካው ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ። ውዴ መጥታ ፊቴን በቀሚሷ ጠረገችልኝ። አታውቀኝም እኮ።

የካቲት 18፣ ጎንደር

ተመለስን። እማዬ ማስረሻን አቅፋ ብዙ ቆየች።

አራዳ ወርጄ ታ.ን አስጠራሁት። አንድ ሱቅ ጥግ ቆመን ነገርኩት። የሠራተኛ ልጅ የለንም፤ ሠራተኛም ኖሮን አያውቅም። ወንድሜ ነው። የእናቴና የአባቴ ልጅ። ስለ ዘር ያልከውን ሰምቼ ፈርቼ ነው።

ስለ ውሸቴ ይቆጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። ያን ቀን፣ አለኝ፣ ግንባሩ ላይ ሳንቲም ስለጥፍ ተቀምጠሽ ነበር። እናትሽ ቤት። ምነው ዝም አልሽ? እኔን ምን አደረግሽኝ?

እሱም በራሱ አፍሯል፤ ያሳፈርኩት ግን እኔ ነኝ። ጊዜ ስጪኝ ብሎ ሄደ። ባርኔጣውን ረስቶ ተመልሶ መጣ፣ አንሥቶ ሳያየኝ ሄደ።

የካቲት 21

የታ. እናት ለሠርጉ መጥተዋል። ነገሩን ነግሯቸዋል። ዛሬ በሽማግሌ ቃል ላኩ። ጋብቻው ይቁም አላሉም፤ ብዙ ነው የለመናቸው መሰለኝ። ግን ልጁ ዳሱ ውስጥ አይታይ። ወደ ደንቢያ ይመለስ፣ ሠርጉ ይለፍ፣ ከዚያ እግዜር ያውቃል።

እማዬ እሺ በይ አለችኝ። ሰውየው ደግ ነው፣ ዕድሜሽ እየሄደ ነው፣ ሁለት ቀን ምን አላት። ማስረሻን እኔ አባብለዋለሁ። እንዲህ ስትል አላየችኝም።

ታ.ም መጣ። ቆሞ፣ ሳይቀመጥ። ለእናቴ ስል ነው፣ አንድ ቀን ነው አለ። ወንድምህ ቢሆንስ አልኩት። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። የተሻለ ሰው ነው ከእኔ፤ ቢያንስ አልዋሸም።

የካቲት 22

ሙሉ ቀን ከራሴ ስሟገት ዋልኩ። ደጋግሜ እሺ ብያለሁ፤ በልቤ። ነጭ ቀሚሱን አወጣሁ። ለካሁት። ያምርብኛል። ከዚያ ማስረሻ በበሩ አየኝና እመቤቴ አለኝ። እንግዳ የለም፣ እኔና እሱ ብቻ። ቤታችን ውስጥ። እታለም በለኝ አልኩት። አልል አለ። አስተማሪዋ ጎበዝ ነበረች።

ቀሚሱን አወለቅሁ።

የካቲት 23

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ራሴ ሄድኩ። ሙሽራ ራሷ ሄዳ አታውቅም፤ ገርሟቸው ነው ያስገቡኝ። አልኩ፦ ወንድሜ ዳሱ ውስጥ ይቆማል፤ ከበሮ ሲመታ ይጨፍራል፤ ሰው ወንድሟ ነው ይላል። ይህ ካልሆነ እኔም አልቆምም። አንዱ ሽማግሌ ልጄ፣ ኋላ ይቆጭሻል አለኝ። ይቆጨኝ ይሆናል አልኩ። አሁንም እየቆጨኝ ነው የምናገረው።

ማታ መልሱ መጣ። የታ. እናት ተነሥተው ሊሄዱ ነው። ሠርጉ ቀረ። ታ. የላከው ቃል ሌላ ነው፦ እናቴን ልሸኝ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ ራሴ እመጣለሁ። ይመጣ ይሆን? እንጃ። የሚመጣ አይመስለኝም። በዚህም ማስረሻን ሊወቅስ የሚፈልግ ቁራጭ ልብ አለኝ። አገኘሁት፤ እዚህ ጻፍኩት፤ እዪው።

የካቲት 25፣ እሑድ

ዛሬ ልዳር ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ማስረሻን ይዤ አራዳን ዞርኩ። እጅ ለእጅ። ሰው ሁሉ የሠርጉን መቅረት ሰምቷል፤ ከየሱቁ ደጅ ያዩናል። ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው፤ ላገኘሁት ሁሉ። የሚያውቀው እንኳ፣ እናውቃለን እኮ እያለኝ። ጆሮዬ ይግል ነበር። ኮራሁ ብልሽ እዋሻለሁ። አፈርኩ። ከእሱ ጋር በመታየቴ አፈርኩ፣ በማፈሬ ደግሞ አፈርኩ፤ እጁን ግን አልለቀቅሁም። ከዚህ የበለጠ የምጽፈው መልካም ነገር የለኝም።

ነገ ት/ቤት አብሮኝ ይሄዳል። ዳይሬክተሩን እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካለ እንደገና እጠይቃለሁ። በእረፍት ሰዓት ከሴቶቹ ልጆች ጋር ከዛፉ ሥር ይጨፍራል። ለኪዳነ ምሕረት ደግሞ በየወሩ ባይሆን እንኳ በተቻለኝ ጊዜ ደንቢያ እወስደዋለሁ፤ ውዴ ዘንድ። እታለም ማለትን በየቀኑ አለማምደዋለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ከበሮ ይሰማል። በእኛ መንገድ የሌላ ሰው ሙሽራ እየመጣች ነው። እማዬ በር ላይ ቆማለች፤ እንዳላይ ልትዘጋው ፈልጋ እያመነታች። ማስረሻ ጋቢውን ጥሎ እጄን ይዞ ይጎትተኛል፤ ብዕሬን ሊያስጥለኝ ነው፤ ውጪ ይላል፣ አንቺም፣ አንቺም። መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል፤ ዛሬ ሠርጓ የቀረባት መምህርት ስትጨፍር ሊያዩ ነው። እማዬ፣ በሩን ተዪው፣ እየወጣን…